ፖለቲካ የሚወያይ ክበብ በትምህርት ቤት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ እትም ዓምዱን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሰጥተነዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፖለቲካ ላይ የሚወያይ የተማሪዎች ክበብ እንዴት ይቋቋማል? ከተቋቋመ በኋላስ እንዴት ይዘልቃል? ተመሳሳይ ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አድርገን የጠያቂዎችን ስም ትተናል። የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስድስት የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። የፖለቲካ ውይይት ክበብ ለማቋቋም ፈልገን ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተን ብንጠይቃቸው «ፖለቲካ በግቢዬ ውስጥ አይታሰብም» ብለው መለሱን። በዚሁ እንቅር?

መልስ፦ አትቅሩ፤ ሁለተኛ ስትሄዱ ግን በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የቀረበ ጥያቄ በቃል ይዘጋል፤ ርእሰ መምህሩም ቁጭ ብለው የሚያመዛዝኑት ነገር በእጃቸው የለም። የሚፈሩት ሦስት ነገር ነው፤ ክበቡ የአንድ ፓርቲ ቅርንጫፍ እንዳይሆን፣ ወላጅ ተቆጥቶ እንዳይመጣ፣ በተማሪዎች መካከል ጠብ እንዳይነሣ። ማመልከቻችሁ እነዚህን ስጋቶች ቀድሞ ከመለሰ መንገዱ ይከፈታል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የክበቡን ስም፣ ዓላማውን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሆነ የስብሰባ ቀንና ሰዓት፣ የምትጠቀሙበትን ክፍል፣ ተጠሪ ለመሆን የተስማሙትን መምህር ፊርማ፣ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ ተማሪዎችን ስም ከነክፍላቸው፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ስብሰባዎች ርእሰ ጉዳይ ጻፉ። በመጨረሻም ክበቡ የማያደርጋቸውን ነገሮች ዘርዝሩ፤ ርእሰ መምህሩ ደጋግመው የሚያነቡት ይህን ክፍል ነው። «ክበቡ ለማንኛውም ፓርቲ አባል አይመለምልም፤ የፓርቲ ዓርማና በራሪ ወረቀት በስብሰባው አይታደልም፤ ከፓርቲ ገንዘብም ሆነ ዕቃ አይቀበልም፤ በትምህርት ቤቱ ስም መግለጫ አያወጣም።» ስሙንም አስቡበት። «የሕዝብ ጉዳዮች ውይይት ክበብ» የሚለው ሥራውን በትክክል ይገልጻል፤ በሩ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያይ ወላጅንም አያስደነግጥም። ይህን የምንለው ፖለቲካን እንድትደብቁ አይደለም፤ በዓላማው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በግልጽ ይቀመጥ።

ዘላቂ ፈቃድ አትጠይቁ። የአንድ መንፈቅ ሙከራ ጠይቁ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ስድስት ስብሰባ፣ መጨረሻ ላይ የሁለት ገጽ ሪፖርት። ማንም ኃላፊ ለዘለቄታው ከመፍቀድ ይልቅ ለሙከራ መፍቀድ ይቀለዋል።

ሕግ እንጥቀስ ወይ የምትሉ ካላችሁ፣ በመጀመሪያው ደብዳቤ ባትጠቅሱ ይሻላል፤ የክስ መልክ ይይዛል። ግን እወቁት። በ1989 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሕፃናት በሚነካቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማ፣ በአንቀጽ 13 ሐሳብን የመግለጽ፣ በአንቀጽ 15 የመደራጀትና በሰላም የመሰብሰብ መብት ይሰጣል። ይኸው አንቀጽ 15 በሕግ የተደነገገና አስፈላጊ የሆነ ገደብንም ይፈቅዳል። ዝርዝሩ ከሀገር ሀገር ይለያያል። በአሜሪካ በ1984 በወጣ ሕግ መሠረት፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመደበኛው ትምህርት ጋር የማይያያዝ አንድ የተማሪዎች ክበብ እንኳ ከፈቀደ፣ ሌላውን ክበብ በሚናገረው ፖለቲካ ምክንያት መከልከል አይችልም። በእንግሊዝ ደግሞ የ1996ቱ የትምህርት ሕግ አስተማሪ በክፍል ውስጥ የፓርቲ አመለካከት እንዳያራምድ፣ በፓርቲ እንቅስቃሴ መሳተፍም ከ12 ዓመት በታች ላሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንዲከለከል ያዛል። እናንተ የምትኖሩበትን ሀገር ሕግና የትምህርት ቤታችሁን የክበባት መመሪያ ፈልጋችሁ አንብቡ። በጽሑፍ ጠይቃችሁ ከተከለከላችሁ፣ ምክንያቱና የተመሠረተበት የመመሪያ አንቀጽ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ በትሕትና ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚከለክል አንቀጽ የለም፤ ወረቀቱ ሲፈለግም ነገሩ ይለዝባል።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ በአመለካከት አንድ ነን። ለምን ሁሉን የሚያሳትፍ ክበብ እናቋቁማለን? የምናምንበትን የሚያራምድ ክበብ ብንመሠርትስ?

መልስ፦ መመሪያው ከፈቀደ ትችላላችሁ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ለእናንተ የተፈቀደው ለተቃራኒዎቻችሁም እኩል ይፈቀዳል፤ ቦርዱ ላይ ከወረቀታችሁ ጎን የእነሱ ሲለጠፍ ቅር ማለት አይቻልም። ሌላው፣ ሁሉም የሚስማማበት ክበብ በሦስተኛው ስብሰባ የሚወያይበት ያጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ወይ መፎካከር ነው፤ ማን ይበልጥ አጥባቂ ነው በሚል፤ ወይ መበተን። የእኛ ምክር በውይይት ክበብ መጀመር ነው። አቋም ያላቸው ተማሪዎች እዚያው ውስጥ ቡድን ሆነው ሐሳባቸውን ማቅረብ ይችላሉ፤ ተቃራኒ ሰምቶ የሚመልስ ክርክርም ይበልጥ ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ መተዳደሪያ ደንባችን «ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው» ይላል። የተመዘገብነው 46 ነን፤ የምንገኘው ግን 14 ወይም 15። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር መወሰን አልቻልንም። ደንቡን እንዳንቀይርም ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል።

መልስ፦ ይህ በአዲስ ክበቦች ላይ በብዛት የሚደርስ ችግር ነው። ምክንያቱም ደንቡ የሚቀዳው ከትልልቅ ማኅበራት ነው። በመጀመሪያው ቀን ስሙን የሚያስመዘግበው ተማሪ ብዙ ነው፤ የሚመላለሰው ግን ሲሶው ነው።

መውጫው እንዲህ ነው። ሰብሳቢውና ተጠሪ መምህሩ አንድ ልዩ ስብሰባ ይጥሩ፤ አጀንዳው የደንብ ማሻሻያ ብቻ መሆኑን ከሰባት ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቁ። ለ46ቱም በየክፍላቸው ሄዳችሁ አጭር ወረቀት ስጡ፤ «አባል ሆኜ እቀጥላለሁ» ወይም «ስሜ ይውጣ» የሚል፣ የሚፈረምበት። ስማቸውን ያወጡት ሲቀነሱ ቁጥሩ ይወርዳል። 24 ቢቀሩ 13 ሰው ይበቃል፤ እናንተ ደግሞ 14 ትሆናላችሁ። የማይመልስ ተማሪን በራሳችሁ ሥልጣን አትሰርዙ፤ ኋላ ውሳኔው ይፈርሳል።

በማሻሻያው ውስጥ «ንቁ አባል» ማለት ካለፉት ሦስት ስብሰባዎች ቢያንስ በሁለቱ የተገኘ ነው ብላችሁ ወስኑ፤ ምልዓተ ጉባኤውንም የንቁ አባላት ግማሽ አድርጉት። እግረ መንገዳችሁን ድምፅ አቆጣጠሩንም አጥሩ። «በአብላጫ ድምፅ» ብቻ ብሎ የሚተው ደንብ ጭቅጭቅ ይወልዳል። 14 ሰው ተገኝቶ 6 ቢደግፍ፣ 5 ቢቃወም፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርግ ሐሳቡ አለፈ? ከተሰጠው ድምፅ አንጻር አልፏል፤ ከተገኘው ሰው አንጻር ግን ስምንት ያስፈልግ ስለነበር ወድቋል። የትኛው እንደሆነ ደንቡ ይናገር። ለተራ ጉዳይ ከተሰጠው ድምፅ አብላጫ፣ ለደንብ ማሻሻያና ኃላፊን ለማንሳት ከተገኘው ሰው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን እንመርጣለን። ሙሉ ደንቡ ከሁለት ገጽ በላይ ከሆነ ማንም አያነበውም።

ጥያቄ፦ ውይይታችን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ ጩኸት ይለወጣል። ሁለት ልጆች ሌላውን አያስናግሩም፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ጭራሽ መምጣት እየተዉ ነው። እኔ ሰብሳቢ ነኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብዛኛው ጩኸት የሚመነጨው ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ካለው ዝግጅት ነው። ከጥያቄው አቀራረብ ጀምር። «መንግሥት ወጣቱን ለምን ይንቃል?» የሚል ርእስ ፍርዱን ሰጥቶ ያበቃ ነው፤ የቀረው ማጨብጨብ ወይም መናደድ ብቻ ነው። ጥሩ ርእስ በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ፣ በሁለቱም ወገን ጤነኛ ምክንያት ያለው፣ ማስረጃም የሚገኝለት ነው። ለጀማሪ ክበብ «የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ ይበል?» የሚለውን ያህል የሚመች ጥቂት ነው። ጉዳዩ ራሳቸውን ተማሪዎቹን ይነካል፣ የማንንም ማንነት አይነካም፣ የሚመረመር ልምድም አለው። ብራዚል በ1988 ሕገ መንግሥቷ ለ16 እና ለ17 ዓመት ወጣቶች በፈቃደኝነት የመምረጥ መብት ሰጥታለች፤ ኦስትሪያ በ2007 ዕድሜውን ወደ 16 አውርዳለች፤ አርጀንቲና በ2012፣ ማልታ በ2018 ተከትለዋል፤ በስኮትላንድ የ2014ቱ የነፃነት ሕዝበ ውሳኔም የ16 ዓመት ወጣቶች ድምፅ ሰጥተዋል። በዚያ ሰሞን መንደሩን ሁሉ ያጋለውን ጉዳይ ለአምስተኛው ወይም ለስድስተኛው ስብሰባ አቆዩት፤ አባላቱ መደማመጥ ሲለምዱ።

ቀጥሎ የጊዜ አከፋፈል። ለ60 ደቂቃ ስብሰባ ይህን ሞክር። 5 ደቂቃ ለመክፈቻና ያለፈውን ውሳኔ ለማስታወስ፤ 8 ደቂቃ አንድ ተማሪ ያዘጋጀውን መነሻ መረጃ (አስተያየት ሳይጨምር) እንዲያቀርብ፤ 4 ደቂቃ ለደጋፊ፣ 4 ደቂቃ ለተቃዋሚ ተናጋሪ፤ 25 ደቂቃ ለሁሉም ክፍት፤ 5 ደቂቃ እያንዳንዱ «ሐሳቤን የቀየረው ወይም ያጠነከረው» የሚለውን በወረቀት እንዲጽፍ፤ 5 ደቂቃ ለቀጣዩ ርእስና ለሥራ ክፍፍል። የቀረው 4 ደቂቃ በመዘግየት ይበላል፤ ሁልጊዜ ይበላል።

ክፍት ውይይቱን አስላው። 25 ደቂቃ ለአንድ ተናጋሪ 90 ሰከንድ ቢሰጥ 16 ዕድል ብቻ ነው። 22 ሰው ካለ ስድስቱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ይሄዳሉ፤ ዝም የሚሉትም ሁሌ እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ከ16 ሰው በላይ ከተገኘ መጀመሪያ 10 ደቂቃ በአምስት በአምስት ሆነው ይወያዩ፤ ከዚያ ከየቡድኑ አንድ ሰው፣ ባለፈው ጊዜ ያልተናገረ፣ ያቅርብ። በትንሽ ቡድን ውስጥ የተናገረ ሰው በትልቁ መናገር ይቀለዋል። ለሴቶቹ ተማሪዎች መመለስ ከማንኛውም ምክር ይልቅ የሠራው ይህ ነው።

የንግግር ተራ በእጅ ማውጣት ብቻ አይመራ። ጸሐፊው ስም ይመዝግብ፤ አንዴ የተናገረ ሰው ያልተናገሩት እስኪያልቁ ድረስ ወደ ታች ይውረድ። ጊዜ ያዡ አንተ አትሁን፤ ሌላ ሰው በ60ኛው ሰከንድ ቢጫ፣ በ90ኛው ቀይ ካርድ ያንሣ። ካርድ ማንንም አያቋርጥም፤ ሰብሳቢ «በቃህ» ሲል ግን የግል ጠብ ይመስላል። አንድ ሕግ ደግሞ ጨምር፤ ሌላውን የሚቃወም ተናጋሪ በመጀመሪያ የዚያን ሰው ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይድገም፤ ባለቤቱ «ልክ ነው፣ እንዲህ ነው ያልኩት» ካለ በኋላ ብቻ ይቀጥል። ለሁለት ስብሰባ ያህል አሰልቺ ይሆናል። በሦስተኛው ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ለመድገም መስማት ግድ ነውና።

አንተ ራስህ ሐሳብ መስጠት ከፈለግህ ወንበሩን ለምክትልህ ለቀህ፣ ከተናጋሪዎች ዝርዝር ገብተህ ተናገር፤ ያ ርእስ እስኪያልቅም አትመለስ። የሰብሳቢ ወገንተኝነት ከሁለቱ ጯሂዎች ይልቅ ክበብ ያፈርሳል። ስድብ ወይም ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ጾታን የሚነካ ቃል ከወጣ ክርክሩን ወዲያው አቁም፤ «ቃሉ ይነሣ» በል፤ ካልተነሣ ተናጋሪው ለዚያ ቀን የመናገር ዕድሉን ያጣል። ይህ ቅጣት በደንባችሁ ተጽፎ ካልነበረ ግን በዚያ ቀን አትፍጠረው።

ክበቡ ሲጠነክር ወደ መደበኛ ክርክር ማለፍ ይቻላል። በዓለም አቀፍ የትምህርት ቤቶች ክርክር አሠራር በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ተናጋሪዎች ለ8 ለ8 ደቂቃ ይናገራሉ፤ ከዚያ ከየወገኑ አንድ የ4 ደቂቃ ማጠቃለያ ይቀርባል፤ የእያንዳንዱ የ8 ደቂቃ ንግግር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደቂቃ በተቃራኒ ወገን ጥያቄ አይቋረጥም። ለጀማሪ 8 ደቂቃ ረጅም ነው፤ በሦስተኛው ደቂቃ ወሬው ያልቅበታል። በግማሽ ቀንሱት። ወገኑንም በዕጣ መድቡ፤ ተማሪው የማያምንበትን ጎን ሲያዘጋጅ የሌላውን ማስረጃ ፈልጎ ያነባል።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ተማሪዎች ተጠሪ እንድሆናቸው ጠየቁኝ። ልጆቹን ደስ ይሉኛል፤ ነገር ግን «መምህሯ ልጆቻችንን ፖለቲካ እያስተማረች ነው» እንዳልባል እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ግን መጠበቂያ አለው። በጀርመን ሀገር በ1976 በቦይተልስባኽ ከተደረገ የምሁራን ስብሰባ የወጡ ሦስት መርሆዎች ዛሬም ለፖለቲካ ትምህርት መመሪያ ናቸው። መምህር ተማሪውን በራሱ አመለካከት አያጥለቀልቅም፤ በምሁራንና በፖለቲካው ዓለም አከራካሪ የሆነ ነገር በክፍልም አከራካሪ ሆኖ ይቀርባል፤ ተማሪው የራሱን ጥቅምና ሁኔታ መርምሮ የራሱን መደምደሚያ እንዲይዝ ይታገዛል። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ለርእሰ መምህሩና ለወላጆች ቢያሳዩ የሚያስተምሩት ምን እንደሆነ ከሐሜት በፊት ይታወቃል።

በሥራው ላይ የሚረዱዎት እነዚህ ናቸው። ስብሰባውን አይምሩ፤ ከኋላ ይቀመጡ። «እርስዎስ ለማን ይመርጣሉ?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም፤ መልሱን አሁኑኑ ያዘጋጁ፤ «እዚህ ክፍል ውስጥ አልናገርም» በቂ ነው። ሆኖም መረጃ ሲሳሳት ዝም አይበሉ። የሕገ መንግሥት አንቀጽ በስሕተት ሲጠቀስ ማረም ወገንተኝነት አይደለም። የመንፈቁን ርእሰ ጉዳዮች ዝርዝር አስቀድመው ለርእሰ መምህሩ ያሳውቁ፤ በየስብሰባው ፈቃድ መጠየቅ ግን ክበቡን በቢሮ በር ላይ ያስቀምጠዋል።

ስለ ቃለ ጉባኤ አንድ ጠንከር ያለ አስተያየት አለን። ውሳኔው፣ የድምፁ ቁጥርና የተመደበው ሥራ ይመዝገብ፤ ማን ምን አለ የሚለው ግን አይመዝገብ። የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሞከረው ሐሳብ በፋይል ተቀምጦ ከዓመታት በኋላ የሚጠቀስበት ምክንያት የለም። ጸሐፊው ትጉህ ከሆነ ሁሉንም ይጽፋል፤ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት።

እንግዳ ሲጋበዝ ለሁለቱም ወይም ለሁሉም ወገን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ እኩል ደቂቃ ተመድቦ ይላክ። አንዱ ወገን ሳይመልስ ቢቀር ስብሰባውን ወደ ሌላ ቀን ያዛውሩት፤ ያለዚያ የቀረው ወገን ታሪክ «አልተጋበዝንም» የሚል ይሆናል። የላኩትን ደብዳቤ ቅጂ ያስቀምጡ። በይፋ የምረጡኝ ቅስቀሳ ጊዜ ዕጩ ተወዳዳሪ ባይጋበዝ ይመረጣል። የውጭ ሰው አንድ ጊዜ ይምጣ እንጂ ዘወትር አይመላለስ። በ1984ቱ የአሜሪካ ሕግም ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ ሰው የተማሪዎችን ስብሰባ መምራት፣ መቆጣጠር ወይም አዘውትሮ መገኘት አይችልም።

ጥያቄ፦ የአንድ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ቲሸርትና የድምፅ መሣሪያ ልስጣችሁ አለን። ምንም ግዴታ የለውም ብለውናል።

መልስ፦ አትቀበሉ፤ በጽሑፍም አመስግናችሁ መልሱ። ቲሸርቱ የታየበት ቀን የክበቡ ገለልተኝነት ያበቃል፤ ተቃራኒ አመለካከት ያላቸው አባላትም ጠባቸውን ሳያሰሙ ይቀራሉ። ደግሞስ ለምን ያስፈልጋችኋል? ይህ ክበብ የሚፈልገው አንድ ክፍል፣ ሰዓት የሚያሳይ ነገር፣ ወረቀትና ጠመኔ ነው። የአባላት መዋጮ ካስፈለገ ትንሽ ይሁን፤ መክፈል ያልቻለ አይገለል። ገንዘቡን ገንዘብ ያዡ ይያዝ፤ ወጪ ግን በሁለት ፊርማ ይውጣ፤ አንዱ የተጠሪ መምህሩ ይሁን።

ጥያቄ፦ የቴሌግራም ግሩፓችን ሌሊት ሌሊት የጦር ሜዳ ሆኗል። በስብሰባ ላይ የሚስማሙ ልጆች እዚያ ይሰዳደባሉ። የስክሪን ቅጂም ወላጆች እጅ ገብቷል።

መልስ፦ ግሩፑን ዝጉትና ቻናል ክፈቱ፤ ሁለት ኃላፊዎች ብቻ የሚጽፉበት፣ ሌላው የሚያነብበት። የስብሰባ ቀን፣ የሚነበብ ጽሑፍ፣ የሥራ ክፍፍል፤ ከዚያ ውጭ ምንም። ክርክር በክፍሉ ውስጥ ብቻ ይካሄድ። በጽሑፍ የድምፅ ቃና የለም፣ ሰብሳቢ የለም፣ ጊዜ ያዥ የለም፤ የተጻፈውም ተቆርጦ ይዞራል። የአባላት ፎቶም ሆነ የተናገሩት ቃል ያለ ራሳቸውና ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ እንዳይለጠፍ በደንባችሁ አስገቡ። ቅጂው ወላጆች እጅ ስለገባ ርእሰ መምህሩ ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እናንተው ቀድማችሁ ሄዳችሁ የሆነውንና የወሰዳችሁትን እርምጃ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የሙከራ ምርጫ ለማካሄድ አስበናል። 400 ያህል ተማሪ ይመርጣል። በእረፍት ሰዓት ይበቃል?

መልስ፦ እረፍቱ 30 ደቂቃ ከሆነ በተለመደው ዝግጅት አይበቃም። አንድን ስም ከመዝገብ ፈልጎ ማስፈረምና ወረቀት መስጠት 30 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ አንድ የመዝገብ ጠረጴዛ በደቂቃ ሁለት ሰው ያሳልፋል ማለት ነው። ምልክት ማድረግና ማጠፍ ደግሞ አንድ ደቂቃ ያህል። ስለዚህ ለአንድ ጠረጴዛ ሁለት የሚስጥር ድምፅ መስጫ ክፍል ያስፈልጋል። በአራት ጠረጴዛና በስምንት መስጫ 400 ሰው በ50 ደቂቃ ያልፋል፤ ያውም ሰው ሳይቋረጥ ከመጣ። የሚሻለው በሁለት ቀን እረፍት መክፈል ወይም ክፍል በክፍል ተራ መስጠት ነው። በሁለት ቀን ከተከፈለ ሣጥኑ በታዛቢዎች ፊት ይታሸግ፤ በማሸጊያው ላይ ይፈርሙ፤ በተጠሪ መምህር ቁልፍ ሥር ይደር።

በእውነተኛ ፓርቲዎች ስም ይሁን ወይስ በሐሳብ? በኖርዌይና በስዊድን ከእውነተኛው ምርጫ ጋር ተያይዞ የሚደረግ የትምህርት ቤት ምርጫ እውነተኞቹን ፓርቲዎች ያወዳድራል። ሁኔታው በተካረረበት ቦታ ግን በሦስት ወይም በአራት የፖሊሲ አማራጮች፣ ወይም ተማሪዎች ራሳቸው በመሠረቷቸው ምናባዊ ፓርቲዎች መምረጥ ይበልጥ ያስተምራል። መራጩ መርሐ ግብሩን ለማንበብ ይገደዳልና።

ወረቀቱ ላይ የአማራጮቹ ቅደም ተከተል በዕጣ ይውጣ። እያንዳንዱን ወረቀት ሰጪው ከጀርባ በፊርማው ምልክት ያድርግበት፤ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወረቀት ሣጥን እንዳይገባ የሚከለክለው ይህ ብቻ ነው። በመስጫው ውስጥ ስልክ አይፈቀድ። ባዶ ሣጥኑን ከመዘጋቱ በፊት ለታዛቢዎች አሳዩ። ምን ዓይነት ወረቀት ዋጋ እንደሌለው የሚወስነውን ደንብም ቀድማችሁ ጽፋችሁ ለጥፉ። «በወረቀቱ ላይ ካለው አራት ማዕዘን ውጭ የወጣ ምልክት ይቆጠራል ወይ?» የሚለው ክርክር ቆጠራ ላይ ከተነሣ ማለቂያ የለውም።

ቆጠራው ሲጀመር መጀመሪያ ማን እንዳሸነፈ አትመልከቱ፤ ወረቀቱን አስታርቁ። 420 አሳትማችሁ 388 ከታደለ 32 ሊተርፍ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ 386 ከተገኘ ሁለት ሰው ወረቀቱን ይዞ ሄዷል፤ ችግር የለውም፣ ይመዝገብ። 391 ከተገኘ ግን ሦስት ወረቀት ከየት መጣ? ብዙውን ጊዜ ሳይፈርም የወሰደ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ማጭበርበር ነው። ከታደለው በላይ የተገኘው ወረቀት ቁጥር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ካለው ልዩነት ካነሰ ውጤቱ ከነማስታወሻው ይጸድቃል፤ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ምርጫው ይደገማል። ይህንንም አስቀድማችሁ ወስኑ። እያንዳንዱ ወረቀት ከፍ ብሎ ይታይ፣ ይነበብ፣ በሰሌዳ ላይ በአምስት በአምስት ይመዝገብ። ለተማሪው ከውጤቱ ይልቅ የሚቀርለት ይህን ቆሞ ማየቱ ነው።

ጥያቄ፦ ክበባችንን የመሠረቱት ተማሪዎች ሁሉም የመጨረሻ ዓመት ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ማን ይረከበናል? ከአሁኑ የሚመጣው ሰው ቀንሷል።

መልስ፦ የክበቡን ኃላፊዎች ምርጫ ወደ ዓመቱ መጀመሪያ ካቆያችሁ ክበቡ ይሞታል። የሚያስመርጥ ሰው አይኖርማ። ትምህርት ከመዘጋቱ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ አዲሶቹን ምረጡ፤ ቢያንስ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በቀጣዩ ዓመት በትምህርት ቤቱ የሚቆዩ ይሁኑ። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ስብሰባ አዲሶቹ ይምሩ፤ ነባሮቹ ከጎናቸው ይቀመጡ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በፈተና ሰሞን ስለሚጠፉ ይህ ለእነሱም እፎይታ ነው። ከታች ክፍል ግማሽ ያህል አባል ካልመዘገባችሁ ግን ምርጫው ብቻውን አያድናችሁም፤ አሁኑኑ ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍሎች ሄዳችሁ ጋብዙ። ስለ ክበቡ አትስበኩ፤ የቀጣዩን ስብሰባ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ የሁለት ደቂቃ ድምፅ አሰጡ። የሚቃወሙትን ሰዎች ለማየት ሲሉ ይመጣሉ።

ርክክቡ በአንድ ክላሰር ይሁን። ደንቡ፣ የፈቃድ ደብዳቤው፣ የዓመቱ ቃለ ጉባኤዎች፣ የርእሰ ጉዳዮች ዝርዝር (የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንደተበላሸና ለምን የሚል አንድ መስመር ማስታወሻ ጋር)፣ የገንዘብ መዝገብ፣ የቻናሉ አስተዳዳሪነት ለአዲሶቹ መተላለፉን የሚገልጽ ማስታወሻ። የመጨረሻውን ዕቃ ብዙዎች ይረሳሉ፤ በአዲሱ ዓመት አምስት መቶ ተከታይ ያለው ቻናል ቁልፉ ከተማ ለቆ በሄደ ተማሪ ስልክ ውስጥ ይቀራል።